በሰው ትዳር ላይ የፈረምኩ ዕለት

ገና ሚስት ሳላገባ ሚስት ፈትቼ እንድመጣ ተልኬ አውቃለሁ፤ ያውም የሰው ሚስት። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ልጆቼ ይስቃሉ፤ እናንተም ብትስቁ አይከፋኝም። ነገሩ ግን የሆነው ልክ እንደማጫውታችሁ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። አምቦ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጻፍ ነበር። እኔ በአውራጃው ግምጃ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነበርኩ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ሲሆን፣ ተመድቤ አምቦ ከመጣሁ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከኦሮምኛ ግን ከሰላምታ በቀር አላውቅም። እንዴት ነህ ለማለት «አካም ጅርታ» እላለሁ፣ ደህና ለማለት «ነጋ» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በፈገግታ አልፈዋለሁ። ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ በአማርኛ ስለሚመልስልኝ ልማር የሚል ሐሳብም አልመጣብኝም።

ታደሰ በዚያው መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበር። ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ አማርኛው በአማርኛ አፋችንን ከፈታነው ከእኛ የጠራ። አገሩን ሲጠይቁት «ከወደ ጊንጪ ነኝ» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ከሁሉማ ይልቅ የምንወድለት ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቤት የምንበላውን ምሳ ነበር። አንዲት ክፍል ተከራይቶ በመጋረጃ ለሁለት ከፍሏታል፤ እኛ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጠን ካርታ እንጫወታለን፣ ምግቡ ከወዲያ ይመጣል። እንደኛው ላጤ ነው ብለን ነበር የምናስበው። በኋላ ላይ፣ ምክንያቱን ሳይነግረን፣ የቅዳሜውን ምሳ ተወው።

አንድ ቀን ጠዋት ለሻይ ስንወጣ ታደሰ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ለብቻዬ ይዞኝ ሄደ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆመና ካቺሲ ሚስት እንዳለችው ነገረኝ። ካቺሲ የግንደበረት ዋና ከተማ ናት፤ ተወልዶ ያደገውም እዚያ ነው። ሚስቱን ከተማ ቢያመጣት እንዳልለመደላት፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ቤቱን ባዶ እንዳገኘው፣ «ደህና ሁን» እንኳን ሳትለው እንደሄደች አጫወተኝ። እሱ ፍቺ ጠይቋል። የካቺሲ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ጠርተውት ቀርቷል፤ የመጨረሻው ቀጠሮ ተቃርቧል። አሁን ደግሞ የሒሳብ መዝጊያ ወቅት ስለሆነ ፈቃድ አላገኝም አለኝ።

«ውክልና ልስጥህና አንተ ፈርምልኝ» አለኝ። «ምንም አትከራከር። የሚሉትን ሰምተህ፣ ፈርመህ፣ የእኔን ቅጂ ይዘህልኝ ና።»

ፈቃድ አላገኝም ያለው እውነት አልመሰለኝም። ዓይኑን ከውሃው አላነሳም ነበር። ግን ጓደኛዬ ነው፤ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ያስታመመኝም እሱ ነበር። እሺ አልኩት።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ነበሩ። አንደኛው ጉዳያችንን እንኳን በቅጡ ሳይሰማ፣ ለመሬቱም ለከብቱም ለሁሉም ወኪል የሚጽፈውን የለመደውን ቃል ገጽ ሙሉ አወረደው። ታደሰ በሬጅስትራሩ ፊት ፈረመ፣ ምስክሮችም ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታበት። እኔ አላነበብኩትም። አጥፌ በካፖርቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩትና በማግስቱ ጉዞ ጀመርኩ።

እስከ ጊንጪ በጭነት መኪና ሄድኩ። ከጊንጪ ወደ ሰሜን በጄልዱ በኩል የሚወስደው መንገድ ለመኪና የሚመች ስላልነበረ በቅሎ ተከራየሁ። አብሮኝ የሚጓዝ የጨው ነጋዴ አገኘሁ፤ አማርኛ አይችልም። በገብስ ማሳ መካከል፣ በጉምና በካፊያ ውስጥ ሁለታችን ጎን ለጎን ስንሄድ እሱ አንድ ነገር ሲያወራ ይቆይና መልሴን ይጠብቃል። እኔ «ነጋ» እለዋለሁ። ይስቅና ቆሎ ያካፍለኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወሬውን ይቀጥላል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዲዳ ሆኜ አላውቅም። በመሥሪያ ቤቴ ጨዋታ አዋቂ ነው የምባል ሰው፣ እዚያ መንገድ ላይ ውሃ ጠማኝ ለማለት እንኳን በእጄ ነበር የማሳየው።

ጄልዱ አድሬ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካቺሲ ገባሁ። ታደሰ እናቱ ቤት እንዳርፍ ነግሮኝ ስለነበር እየጠየቅሁ ደረስኩ። እናቱን አዴ ጫልቱ ይሏቸዋል፤ «አዴ» በዚያ አገር ትልቅ ሴት በአክብሮት የሚጠራበት ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ነበሩ። አንዲት ወጣት ሴት ወጥታ የበቅሎዬን ልጓም ተቀበለችኝ፣ ኮርቻውን አወረደች፣ እንድቀመጥም መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈችልኝ። ቀጭን ናት፤ ስታዳምጥ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርጋለች።

አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ ይጠይቁኛል፣ ወጣቷ በአማርኛ ታስተረጉምልኛለች። ልጄ ደህና ነው ወይ? ይበላል ወይ? ሳሉ ተወው ወይ? ስለ ፍቺው አንድም ቃል አላነሱም። እኔም ታደሰ ደህና መሆኑን፣ አለቆቹ እንደሚወዱት ተናገርኩ። ወጣቷ መልሴን እያንዳንዷን ሳታስቀር አደረሰችላቸው።

«የታደሰ እህት ነሽ?» አልኳት።

«ሚስቱ ነኝ» አለችኝ። «እስከ ነገ።»

ጥላው ሄደች የተባልኩት ሴት እናቱ ቤት ተቀምጣ ውሃ ስትቀዳላቸው፣ እንጨት ስትለቅምላቸው አገኘኋት። ስሟ አስካለ ነው። ካፖርቴ በዝናብ ርሶ ስለነበር እንድትሰቅልልኝ ጠየቀችኝና ሰጠኋት። ኪሱ ውስጥ ወረቀት መኖሩን በእጇ አወቀችው።

«ይሄ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ካፖርቱን እሳቱ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። እራት እስኪቀርብ ዓይኔን ከካፖርቱ መንቀል አልቻልኩም። ወረቀቱን አውጥታ እሳት ውስጥ ብትጨምረው ምን ትባላለች? ጥቂት ቆይቶ እሳቱ በረታና የካፖርቱ ጫፍ መጨስ ጀመረ። አስካለ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ካፖርቱን ከነወረቀቱ ራቅ አድርጋ ሰቀለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው። አምስት ነበሩ፤ የሚመሯቸው ኦቦ ነገዎ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ስለነበሩ አማርኛቸው የዳኛ አማርኛ ነበር። የአስካለ ወንድሞች በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ አዴ ጫልቱም ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተዋል። ለገበያ የመጣ ሰውም ነገሩን ሰምቶ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

ኦቦ ነገዎ ታደሰ ለምን እንዳልመጣ ጠየቁኝ። ሥራ አልለቀው ብሎ ነው አልኩና ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ አንድ ሐረግ በአማርኛ እያነበቡ ለተሰበሰበው በኦሮምኛ ይመልሱታል። እኔም ያዘልኩትን ወረቀት ቃል ያን ጊዜ ገና ሰማሁት። «በፍርድ ቤትም ሆነ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ እንዲከስልኝ፣ ስከሰስ መልስ እንዲሰጥልኝ፣ እንዲያምንልኝ፣ እንዲክድልኝ፣ እንዲታረቅልኝ፣ በስሜም እንዲፈርምልኝ፣ ቃሉ እንደ ቃሌ፣ ፊርማውም እንደ ፊርማዬ እንዲቆጠር ወክዬዋለሁ።»

አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ተመለከቱኝ።

«ሚስቱን በወኪል የሚፈታ ሰው በአባቶቻችን አላየንም» አሉ። «ሰው የሚላከው በቅሎ ለማስመጣት ነው። ነገር ግን የመንግሥት ማኅተም አለበት፣ አንገፋውም። እንግዲህ ልጄ፣ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አንተ ታደሰ ነህ። ተነሥና በታደሰ ቦታ ተቀመጥ።»

የታደሰ ቦታ ከአስካለ ፊት ለፊት ያለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበረች። ሄጄ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ሥር ያሉት ሳቁ፤ እኔም በልቤ ሳቅ ብዬ ነበር። ፈርሜ ልነሣ ነው፤ የማን በርጩማ ቢሆን ምን ቸገረኝ?

ሽማግሌዎቹ አስካለን ፍቺውን ትቀበል እንደሆነ ጠየቋት። እሱ ካልፈለገኝ በግድ አልቀመጥበትም አለች። የንብረት ጥያቄ አላት ወይ? ምንም አልጠይቅም አለች። ወንድሞቿ አጉረመረሙ፤ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። የፍቺው ወረቀት ቀደም ብሎ ተጽፎ ስለነበር ጸሐፊው አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠውና ብዕሩን ሰጠኝ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ አስካለ ተናገረች።

«ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ልናገር።»

ኦቦ ነገዎ እሳቸው እንዲያስተረጉሙላት በራሷ ቋንቋ እንድትናገር ነገሯት። አይሆንም አለች። «ሰውየው በራሱ ጆሮ ይስማ። እኔ አማርኛ እችላለሁ። አልችልም ያለው እሱ ነው።»

ከዚያም ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች፣ አንዳንዴም ቃል እየጠፋባት ነገረችን። ታደሰ አምቦ ወስዷት ለወራት አብራው ኖራለች። ሰው ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ እንድትሆን አዘዛት። መጀመሪያ ለክብሯ መስሏት ነበር። የቢሮ ጓደኞቹ በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ እሷ ትሠራለች፣ ሳህኑን በመጋረጃው ሥር ታቀብላለች።

«አንድ ቅዳሜ» አለች፣ «ዶሮ ሠራሁ። አንድ እንግዳ ጣፈጠው። 'ይሄን ማን ነው የሠራው? እጇ ይባረክ' አለ። ደስ አለኝ። ባሌ ሚስቴ ናት ሊል ነው ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። እሱ 'ሠራተኛዋ ናት' አለ።»

ብዕሩ ከእጄ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

ያን ቅዳሜ አስታውሰዋለሁ። ዶሮውንም አስታውሰዋለሁ። ያን ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።

ኦቦ ነገዎ ፊቴ መለዋወጡን ዓይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ታደሰም አትከራከር ብሎ ልኮኛል። ነገር ግን ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ሌሊቱን ያደርኩት እሷ ባነጠፈችልኝ አጎዛ ላይ ነው።

«እንግዳው እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ሳህኑን በመጋረጃው ሥር ስታቀብል እጇን አይቻለሁ። ፊቷን ያየሁት ግን ትናንት ነው።»

ኦቦ ነገዎ ይህን በኦሮምኛ ሲመልሱት ከአጥሩ ሥር የቆሙት አንገታቸውን አሰገጉ። አስካለ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተመለከተችኝ። ያቺ ምርቃት ከየትኛው አፍ እንደወጣች እሷም ገና ማወቋ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ኦቦ ነገዎ። ወረቀቴን እንደገና አነሡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አኖሩ። «እዚህ ላይ 'እንዲያምንልኝ፣ እንዲክድልኝ' ይላል። ታደሰ! ይህች ሴት የተናገረችውን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?»

እኔ ታደሰ አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ? ወረቀቱን ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ በርጩማዋም ላይ የተቀመጥኩት ራሴ ነኝ። መካድ ደግሞ አልችልም፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አምናለሁ» አልኩ።

«ለምን ሠራተኛ አልካት?»

ለምን እንዳላት ታደሰ አልነገረኝም። እንኳን ይህን፣ ሚስት እንዳለውም ሰውሮብኝ ነበር። እያሰብኩ ስቆይ የጨው ነጋዴው ትዝ አለኝ፤ እሱ እያወራ እኔ ዲዳ ሆኜ የተጓዝኩበት መንገድ። ታደሰ ካቺሲን «ከወደ ጊንጪ» የሚላትም ትዝ አለኝ። አንድ ሰው አገሩን እንዲህ ሸፍኖ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየወለወለ፣ ስንት ዓመት እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ እዚያ መንገድ ላይ በኦሮምኛ ብሳሳት ተስቆ ቆሎ ተሰጠኝ። እሱ በአማርኛ ቢሳሳት ኖሮ ከእኛ ምን ይሰጠው ነበር? እኔ እንጃ።

«አፍሬ ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «በአንቺ አይደለም። ከየት እንደመጣሁ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው። አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ እኔም እታወቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ባለሙያዋ አንቺ ሆነሽ፣ ቤቱን ያቆምሽው አንቺ ሆነሽ፣ እኔ በአንቺ ላይ መጋረጃ ጣልኩ። በድያለሁ።»

አዴ ጫልቱ ኦቦ ነገዎ የመለሱትን ሰምተው በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ውሃ እንዲሰጧት ጠየቀች፣ ጠጣች፣ ፊቷንም በቀረው ውሃ ታጠበች።

ኦቦ ነገዎ ለፍቺ የተጻፈውን ወረቀት ከፊቴ አነሡት።

«ከማፋታት በፊት ማስታረቅ የእኛ ግዴታ ነው» አሉ። «ይህ ወረቀት 'እንዲታረቅልኝ' ይላል። እንግዲህ ታደሰ፣ ትታረቃለህ?»

«እሷ ከታረቀችኝ።»

«አንቺስ?»

አስካለ የምትለው ሁሉ እንዲጻፍላት ጠየቀችና ጸሐፊው አዲስ ወረቀት አወጣ። መጀመሪያ፣ ታደሰ ራሱ፣ በእግሩ፣ በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት መጥቶ ይውሰደኝ አለች። ቀጥላ፣ እንግዳ ሲመጣ ከእንግዳው ጋር እቀመጣለሁ፤ መጋረጃ የሚባል ነገር ቤቴ አይግባ። በመጨረሻም «በቤቴ በገዛ አፌ፣ በቋንቋዬ እናገራለሁ። የማይሰማ ይማር» አለች። ከአጥሩ ሥር ያሉት ሴቶች እልል አሉ።

ኦቦ ነገዎ ይህ ቃል እንዳይፈርስ ዋስ ያስፈልጋል አሉ። ዋስ የሚሆነው ከአምቦ፣ ከታደሰ አጠገብ ያለ ሰው መሆን አለበት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ፈረምኩ። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ስለ ታደሰ» ብዬ፣ በሁለተኛው ላይ «ዋስ፣ መኮንን» ብዬ በራሴ ስም። አስካለ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች።

የመመለሻው መንገድ እንዴት እንደረዘመ አትጠይቁኝ። ሰው ፍቺ አምጣ ብሎ ልኮህ እርቅ ይዘህለት ስትሄድ ምን ይባላል? ታደሰ ወረቀቱን ቢቀደውስ? ወዳጅነታችን ቢፈርስ? በቢሮው ቢያዋርደኝስ? ጄልዱ ላይ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያደረግሁት ትክክል መሆኑን ግን አንድም ጊዜ አልተጠራጠርኩም፤ ይህ ራሱ ገርሞኛል።

አምቦ እንደገባሁ በቀጥታ ቤቱ ሄድኩ። ታደሰ በር ላይ ተቀብሎኝ «ፈረምክ?» አለኝ። ፈርሜያለሁ ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ፊቱ ደም መሰለ።

«እኔ የላክሁህ ለፍቺ ነው» አለኝ።

«የሰጠኸኝ ወረቀት እንዲታረቅልኝም ይላል።»

«ያንን ማመልከቻ ጸሐፊው ነው የጻፈው።»

«የፈረምከው ግን አንተ ነህ።»

ከቤት ሊያስወጣኝ እንደሆነ አሰብኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወረቀቱን እንደገና አነበበ። ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህን ያለችው ራሷ ናት ወይስ ሽማግሌዎቹ ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። ራሷ ናት አልኩት። እንዴት አለችው አለኝ። በአማርኛ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ኦቦ ነገዎ በኦሮምኛ ተናገሪ ቢሏትም እምቢ ብላ፣ ሰውየው በራሱ ጆሮ ይስማ ብላ ተናገረች አልኩት። ስለ ዶሮው የጠየቀው እንግዳ እኔ እንደነበርኩ ሽማግሌዎቹ ማወቃቸውንም ነገርኩት። እናቱ ቤት እንደተቀመጠች፣ እናቱን እንደምትጦር ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እናቴ ዘንድ ነች?» አለ። «ወደ ወንድሞቿ የሄደች መስሎኝ ነበር።»

ወጥቼ ስሄድ መጋረጃው የተንጠለጠለበትን ሽቦ ከግድግዳው እየነቀለ ነበር።

አለቃችን ፈቃዱን ሳያስቸግር ሰጠው። ታደሰ ካቺሲ የገባው በገበያ ቀን እንደነበረ፣ ከበቅሎው ወርዶ ገበያውን በመሃል አቋርጦ እንደሄደ፣ የሚያውቁትን ሁሉ በኦሮምኛ ሰላም እያለ እናቱ ደጅ እንደደረሰ ሰማሁ። ሲመለስ ሁለቱን ሴቶች ይዞ ተመለሰ፤ አዴ ጫልቱን ዓይናቸውን ሐኪም እንዲያይላቸው ብሎ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስንሄድ አስካለ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ጠበቀችን። በኦሮምኛ ሰላም አለችን፤ ባልንጀሮቼ ግራ ገባቸው። «ነጋ» ብዬ ዝም ስል «ነጋ ብቻ አይበቃም» ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተማረችኝ። በየቅዳሜው አንድ አንድ እያለች ቋንቋውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በኋላ ጉደር ላይ የወደድኳትን ልጅ ስጠይቅ ከወላጆቿ ጋር በቋንቋቸው የተነጋገርኩት በዚያ ትምህርት ነው፤ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝም ታደሰና አስካለ ናቸው። የበኩር ልጃቸውን ክርስትና ያነሣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ ስለ ሰው መፈረም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ እጅ ማዋስ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ግን በሰው በርጩማ ላይ ስትቀመጡ የሚጠየቀውም ጥያቄ ወደ እናንተ ይመጣል። እኔ በዚያች ጠዋት የጓደኛዬን ልብ ከጓደኛዬ ጋር ቡና ከጠጣሁባቸው ዓመታት ሁሉ በላይ ዐወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ዳኛ ሳልሆን፣ ጠበቃም ሳልሆን፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰው ይጠራኛል። ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቢኖር የበዳዩን ቦታ መጠየቅና እዚያ መቀመጥ ነው። ከዚያ ሆኖ ሲያዩት ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ይከነክነኝ ነበር። ታደሰ ያላለውን ቃል በታደሰ ስም ተናግሬ ሴትዮዋን አታልዬ ይሆን? ልጆቻቸው አድገው፣ እኛም ሸብተን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአስካለ ጋር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ሳለ ጠየቅኋት።

«የእሱ ቃል እንዳልሆነ ያኔውኑ አውቄ ነበር» አለችኝ። «ታደሰ እንደዚያ አይናገርም። ግን ከሰው አፍ እንደዚያ ያለ ቃል ሊወጣ እንደሚችል ሰማሁ። የራሱን እስኪያመጣ ለመጠበቅ በቃኝ።»

«አመጣው ታዲያ?»

ግቢው ውስጥ አበባ ውሃ የሚያጠጣውን ታደሰን አየት አደረገችው።

«አመጣው» አለችኝ። «እሱን ግን ለአንተ አልነግርህም።»